የንስረ ባሕር ጠባቂ

በአምዘራ ምድር ባሕሩ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁን አጠፋ። በአራተኛው ቀን የጉሙ ዘንዶ ከጥልቁ ወጥቶ፣ ለመንግሥቱ ዝናብ የሚሰጠውን የደመና ዕንቁ ከቤተ መቅደሱ ነጥቆ ወደ ምዕራብ ሸሸ። ዘንዶው ዕንቁውን ይዞ ዋሻው ከገባ አምዘራ ዳግመኛ ዝናብ እንደማታይ ትንቢት ነበረ።

ዘንዶው ላይ ልትደርስበት የምትችል አንዲት መርከብ ብቻ ነበረች፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ተሠርታ፣ ለክብሯ በወደቡ ተጠብቃ የኖረችው ንስረ ባሕር። አዳዲሶቹ መርከቦች ግዙፍና ከባድ ናቸው። እርሷ ግን ሸራዋን ስትዘረጋ የሚቀድማት አልነበረም።

ንግሥት ታሪዛ የመርከቢቱን ጠባቂ፣ ወጣቷን ሰሊማርን፣ በሕዝብ ፊት አስጠሯት።

«መርከቢቱ ለባሕር ዝግጁ ናት?»

ጠባቂዎች የመርከቢቱን የውስጥ ሳንቃ ደርቆ ውኃ እንዳያስገባ በየዓመቱ ቅጥራን ሊቀቡ ይምላሉ። ሰሊማር ግን ዘንድሮ ጎብኚ የሚያየውን ላዩን ብቻ አሳምራ፣ ሁሉም ተቀብቷል ብላ ነበር።

«ዝግጁ ናት፣ ንግሥት ሆይ» አለች።

ሙያውን ካስተማሯት ከሽማግሌው አናጢ ከአባ ኦርማንና ከአሥር መርከበኞች ጋር ተጓዘች። በሁለተኛው ቀን የዘንዶው ጀርባ ሲታይ ከታች አንድ ነገር ተሰነጠቀ። ወርዳ ስታይ ውኃው ጉልበት ደርሷል፤ አባ ኦርማን የተላቀቀውን ሳንቃ በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል።

«ይህ ሳንቃ ደርቋል» አሏት። «መቼ ነው የቀባሽው?»

«አልቀባሁትም፣ አባቴ። ዋሽቻለሁ።»

ጀርባቸውን ይበልጥ ወደ ሳንቃው ገፉ። ቢቆጧት በቀለላት ነበር።

«ሸራውን ላውርደው። ፍጥነቷ ከቀነሰ ውኃው ይቀንሳል» አለች።

«ዘንዶውስ? ሳንቃውን እኔ እይዘዋለሁ። ሂጂ፣ ልጄ።»

እያለቀሰች ወጣች። ንስረ ባሕር ማዕበሉን ሰንጥቃ ዘንዶው አጠገብ ደረሰች፤ ሰሊማርም ጦሯን በመንጋጋው ሰካች። ዘንዶው ሲያጓራ ዕንቁው ከአፉ ወድቆ በመርከቢቱ ላይ አረፈ። ወዲያው ዝናብ ጣለ። መርከበኞቹ ሲጨፍሩ እርሷ ወደ ታች ሮጠች። ውኃው ከአባ ኦርማን ራስ በላይ ሆኗል፤ ጀርባቸው ግን ከሳንቃው አልተላቀቀም።

ሸራውን አውርደው፣ ውኃውን ቀድተው፣ ሳንቃውን በእንጨት ደግፈው ቀስ ብለው ሲመለሱ ወደቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ንግሥቲቱ የወርቅ ሐብል ሊያጠልቁላት ሲሉ ሰሊማር ተንበረከከች።

«አይገባኝም፣ ንግሥት ሆይ። አባ ኦርማንን የገደላቸው የእኔ ውሸት ነው። ከአገር ያባርሩኝ።»

ሁሉን ተናገረች። እልልታው ቆመ።

«አንሰድሽም» አሉ ንግሥቲቱ ሐብሉን እያስቀመጡ። «መርከቢቱ ጠባቂ ያስፈልጋታል።»

ዛሬም እንግዶች ስለ ንስረ ባሕር ፍጥነት ሊሰሙ ከሩቅ ይመጣሉ። ሰሊማር ወደ ታች ታወርዳቸውና በአዲሱ ሳንቃ ፊት ታቆማቸዋለች።

«አሮጌው በእኔ ስንፍና ደርቆ ተሰነጠቀ። አባ ኦርማን የሞቱት እዚህ ነው» ትላለች።

ይህን ስትናገር አንድም ቀን ቀና ብላ አታውቅም።