ለሱልጣኑ የተደረገ ዱዓ

በ፲፱፻፬ ዓ.ም. መጋቢት ሊያልቅ ሲል የሞሮኮዋ የፋስ ከተማ በጭምጭምታ ትታመስ ነበር፤ ሱልጣኑ አገሪቱን ከነሕዝቧ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር የሚያስገባ ውል ፈርሟል ተባለ፤ ቆዳ ፋቂው ሥራውን ትቶ፣ ነጋዴውም ሱቁን ገርበብ አድርጎ ወሬውን ያጣራ ጀመር። የፈረንሳይ ወታደሮች ድንኳን ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ከቀን ወደ ቀን በዛ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ሲ ሙፈደል ወደ ሲ ዑስማን ቤት መጣ፤ ሲ ዑስማን በየጁምዓው ከመስጊዱ ሚንበር ላይ የሚሰብክ ሽማግሌ ኸጢብ ነበር፤ ሁለቱም በልጅነታቸው በአንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ቁርዓን ተምረዋል።

«ነገ ለጌታችን ለሱልጣኑ ዱዓ ስታደርግ ውሉንም አመስግንለት» አለ ሲ ሙፈደል፣ የናና ሻዩን ፉት ብሎ። «"በጥበቡ አገር አዳነ" በል። ይኸው ነው፤ አፍህን አይጎዳህም።»

«የሸጣትን ሰው አዳናት ልበል?»

«ጎሳው ሁሉ አምፆበት፣ የፈረንጅ መድፍ ደጁ ቆሞ፣ ምን ያድርግ? እስቲ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር፣ አዋቂው?»

«አልፈርማ!»

«ሚንበር ላይ ቆሞ አለመፈረም ቀላል ነው። ድሮም ምላስህ ነው የሚቀድምህ።» ጸሐፊው ተነሥቶ ካባውን አስተካከለ። «ልጅህ ሐሙ አሁንም በሱልጣኑ ጦር ውስጥ ነው አይደል? ጎበዝ ልጅ ነው። ደህና ይክረም እንግዲህ።»

ሲ ዑስማን ፈራ፤ ከሐሙ በቀር ልጅ የለውም። በማግሥቱ ወደ መስጊድ የሄደው የታዘዘውን ሊል ቆርጦ ነበር፤ የሱልጣኑ ስም ጋ ሲደርስ ግን ምእመናኑን ቁልቁል አየ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁታል። እንደ ወጉ ለነገሠ ሰው «አላህ ድል ይስጠው» ይባላል። ሲ ዑስማን ግን «አላህ ይዘንለት» አለ፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን።

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው «አሚን!» አለ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሉት።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ገና የዐስር ሰላት ሳይደርስ፣ ሐሙ እግር ብረት ገባለት። ሚያዝያ ፱ ቀን የሱልጣኑ ወታደሮች በፈረንሳይ አዛዦቻቸው ላይ ተነሡና የእስር ቤቱን በር ሰበሩ፤ ሐሙም ወጥቶ ጠመንጃ አነሣ፤ በማግሥቱ ከተማዋ በመድፍ ስትደበደብ ቅጥሩ ላይ ወደቀ።

ሱልጣኑ በዚያው ዓመት ዙፋኑን ለቀቀ፤ ፈሪ ነበር የሚሉት አሉ፤ ሌላ መውጫ አልነበረውም የሚሉትም አሉ፤ መጻሕፍቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። ስለ ሐሙ የጻፈ ግን የለም። ሲ ዑስማንን በስተርጅናው ስለዚያ ውል የጠየቀው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፦

«እኔ አንዴ ፈረድሁ። የሞተው ልጄ ነው።»