ጀርባዋን ሰጥታ የተናገረችው ቃል

ቀያሹ ቁመቱ ረጅም፣ ምላሱ ደግሞ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ፋርማሲስቷ ቁመቱን ሳታይ ምላሱን ታውቀው ነበር። ሁለቱም «ባለባርኔጣዋ» የምትባለውን የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት ይወዳሉ። ሁለቱም በአድናቂዎቿ የፌስቡክ ገጽ ላይ ስለ ፊልሞቿ ይጽፋሉ። እዚያ ገጽ ላይ ታዲያ ዓይንና ናጫ ናቸው።

«በዚህ ፊልም ያለቀሰችው ሽንኩርት ከትፋ መሆን አለበት» ይላል እሱ።

«አንተ መሬት ስትለካ ልብህን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ረስተኸው መጥተሃል» ትላለች እሷ።

የቀረው አድናቂ እያነበበ ይስቃል። እነሱ ግን ከምራቸው ነበር።

ፊት ለፊት የተያዩት አድናቂዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል በተሰበሰቡበት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል፣ የሚንጫጩ ወንበሮች፣ አልከፈት ያለ መስኮት። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሐሳባቸውን አቀረቡ።

«አዳራሽ ተከራይተን የባቡር ጣቢያውን ፊልም ለሰው እናሳይ። ዋናውን አይደለም። እናንተ ልጆች ሆናችሁ በቴሌቪዥን ያያችሁትን፣ በቋንቋችን የተተረጎመውን። በትርጉሙ ባለባርኔጣዋን ሆነው የተናገሩትን ሴትዮ ደግሞ በክብር እንጋብዛቸው።»

ጭብጨባ ተጀመረ። ከኋላ አንድ ረጅም ሰው ተነሣ።

«ያንን ድምፅ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም! ሴትዮዋ ውሸታም ናት። ተዋናይቷ ያላለችውን ነው ያለችው።»

ፋርማሲስቷ ደሟ ፈላ። ወንበሯን እያንጫጫች ብድግ አለች። በጽሑፍ አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው ፊቱን ስታየው ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ አንቱታ አመለጣት።

«እርስዎ ነዎት ቀያሹ?»

«ነኝ። አንቺስ?»

«እኔ ውሸታም ያሏት ሴትዮ ልጅ ነኝ!»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ያዙ። ቀያሹ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። አልቆመም። የፋርማሲስቷ እናት ጉሮሮዋን ታማለች። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ሕይወቷን ያተርፋል፣ ድምፅዋን ግን ላያተርፍ ይችላል ብለዋል። እናት ከዚያ በፊት የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ፊልም፣ ያንን የገዛ ድምፅዋን፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ አንዴ መስማት። በሥራ ዘመኗ ስሟ ስክሪን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ድምፅዋ በየሰው ቤት ሲገባ እሷን ጎረቤት እንኳ አላወቃትም።

ትርጉሙ ግን ጠፍቷል። የቴሌቪዥን ጣቢያው በካሴቱ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ቀድቶበታል። ጋሼ ያልደወሉበት፣ ያልጠየቁት ሰው የለም። በመጨረሻ አንድ ቅጂ ተገኘ። አባቱ ድሮ ከቴሌቪዥን ቀድተውት የተረፈ የቪዲዮ ካሴት ያለው ሰው... ቀያሹ!

«ከሰው ሁሉ መርጦ እሱ ጋ!» አለች ፋርማሲስቷ። ቢሆንም ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ቢሮው ድረስ ሄደች።

ግድግዳው በካርታ ተሸፍኗል። ባለሦስት እግር መቆሚያዎች ጥግ ላይ ተደግፈዋል። ጭቃ የጠጡ ቦት ጫማዎች በር ሥር ተደርድረዋል። ቀያሹ ቀና ብሎ አያት።

«ካሴቱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«አልሰጥም።»

«እናቴ ታማለች።»

ፊቱ ትንሽ ሲለወጥ አየች። ወዲያው መልሶ አጠቆረው።

«እግዜር ይማራት። ካሴቱን አልሰጥም።»

«እንዲህ ከጠሉት ለምን አልጣሉትም?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

«ድንጋይ!» አለችው። አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «ድንጋይ ነህ አንተ!»

«ድንጋይ ጥሩ ነው» አለ ወደ ካርታው አቀርቅሮ። «ወሰን የምናደርገው እሱን ነው። ጥሎ አይሄድም።»

በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች። ያን ሰሞን በገጹ ላይ የተባባሉትን መድገም ያሳፍራል። ጋሼ ሁለቱንም «እናንተ ልጆች፣ ተው!» ብለው ለመኑ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ቀያሹ ፋርማሲዋ በር ላይ ቆመ። ከመግባቱ በፊት ጫማውን ደጋግሞ ጠረገ። እንዲህ ዓይነት ክፉ ሰው ለሌላ ሰው ወለል መጨነቁ ገረማት፤ መገረሟም አናደዳት። የሐኪሙን ማዘዣ ተቀብላ አየችው።

«ጨጓራ ነው? ይገባሃል። የሰው ሥጋ ስትበላ ኖረህ።»

«መድኃኒቱን ስጪኝና ስድቡን እዚያ ገጽ ላይ ጻፊው።»

«እዚያም እጽፈዋለሁ!»

ከመደርደሪያው ጀርባ ካለችው ክፍል የሻከረ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ማነው?»

ቀያሹ ክው አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። መድኃኒቱን ሳይወስድ ዞሮ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ፋርማሲስቷ ብልቃጡን ይዛ በነጭ ጋዋኗ ተከትላው ሮጠች፤ ጎረቤት ሱቅ በረንዳ ላይ ደረሰችበት።

«በአንድ ቃል አወቅካት?»

«ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ አውቃታለሁ። ፊልሙን በሙሉ በቃሌ ነው የማውቀው።»

«እንዲህ የምትጠላውን?»

ግድግዳውን ተደግፎ መናገር ጀመረ። የባለባርኔጣዋን ንግግር በእናቷ አባባል ደገመው። እናቷ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ እሱም ትንፋሽ ወሰደ። ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች። ይሄ ሰው እናቷን ከሷ ባልተናነሰ ሲሰማት ነው የኖረው።

«መጨረሻው ላይ» አለ፣ «ልጇን ጣቢያው ላይ ትታ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ ምን ትላለች?»

«ጠብቀኝ፣ እመለሳለሁ። ማን ይረሳዋል!»

«እናቴ ጥላን የሄደች ሰሞን ነው ያየሁት። አባቴ ስለሷ ትንፍሽ አይልም። ዘመድ ይመጣል፣ ያዝናል፣ ይሄዳል። ለኔ አፍ አውጥቶ የነገረኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው። እመለሳለሁ አለኝ። አመንኩት። በር ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት... ገባሽ? በር ላይ! ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዋናውን ፊልም አየሁት። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?»

«ምን ትላለች?»

«ምንም! ዝም ብላ ነው የምትሄደው። የሚጮኸው ባቡሩ ብቻ ነው። እናትሽ ያንን ቃል ከየት አመጣችው?»

ብልቃጡን እጁ ላይ አኖረች። ከመድኃኒት ሌላ የሰጠችው ነገር የለም። «ከምግብ በፊት ነው የሚወሰደው» አለች ቀስ ብላ። በስድብ ያልጨረሰችው የመጀመሪያው ንግግራቸው ይህ ነው።

ማታ ራት ላይ እናቷን ጠየቀቻት። እናት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ።

«ፊቷ ስለማይታይ ነው የቻልኩት» አለች። «ከንፈሯ ቢታይ ከንፈሯን መከተል ግድ ነበር። ጀርባዋን ከሰጠች ግን ያሰኘኝን ብል ማን ያውቅብኛል?»

«ለምን አልሽው ታዲያ?»

«ላንቺ።»

«ለኔ?»

«የሚይዝሽ ሰው አጥቼ ስቱዲዮ ይዤሽ ገብቼ ነበር። እግሬ ሥር ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። ሴትየዋ ዝም ብላ ስትሄድ 'ልጁን ጥላው ሄደች!' ብለሽ እሪ አልሽ። ማን ያባብልሽ! እንደገና ስንቀርጽ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ጠብቀኝ፣ እመለሳለሁ። አንቺ ዝም አልሽ። ድምፅ ቀራጩም ይሁን ብሎ ተወው።» እናት ውኃዋን በጭንቅ ዋጠች። «የራሴን ልጅ ለማባበል ነበር። ሌላ ልጅ ይሰማኛል ብዬ መች አሰብኩ!»

ፋርማሲስቷ ራቷን መብላት አቃታት። እሷ ዕንባዋ ሲደርቅ ሌላ ልጅ በዚያው ቃል በር ላይ ተቀምጧል። ቀያሹን እንደምትወደው ያወቀችው ያን ቀን ነው። ደስ አላላትም፤ እንዲያውም አንጀቷ አረረ። ከሰው ሁሉ እሱን!

በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳለ ፍለጋ ሄደች። ገና ቤት ያልተሠራበት ሰፊ ሜዳ ላይ መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ዓይኑን ከመሣሪያው ሳያነሣ ሰማት።

«ስለዚህ አንቺ አለቀስሽ፣ እኔ ጠበቅኩ።»

«አዎ።»

«ላንቺ የተባለውን ነው እኔ ያመንኩት።»

«አዎ።»

«በቃ ሂጂ!»

«እሄዳለሁ። ካሴት ልጠይቅህ አልመጣሁም። ማወቅ ስላለብህ ነው የነገርኩህ።» ዕንባዋ መጣ። «እንዳታዝንልኝ ደሞ። ካንተ ኀዘኔታ ስድብህ ይሻለኛል!»

ቀና ሲል እሷ ጀርባዋን ሰጥታ መንገድ ጀምራ ነበር። ምንም አላለችም። ቀያሹ መሣሪያውን ትቶ፣ ሜዳውን አቋርጣ እስክትሰወር በባዶ ዓይኑ ተመለከታት።

በሚቀጥለው ጠዋት ፋርማሲውን ስትከፍት ካሴቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው።

አዳራሹ በዕለቱ ጢም ብሎ ሞላ። እናት ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ካሴቱ አርጅቷል፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ፋርማሲስቷ ፊልሙን ትታ ሰው ስታይ ዋለች። ቀያሹ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ወንበር ቢሰጡት እንቢ ብሏል።

ባቡሩ ጮኸ። ባለባርኔጣዋ ጀርባዋን ሰጠች።

«ጠብቀኝ፣ እመለሳለሁ።»

መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ጋሼ አበባ ይዘው መጡ። እናት ግን አበባውን ለልጇ አሳልፋ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ውሸታም ያልከኝ ልጅ የት ነህ?»

ቀያሹ ከበሩ ቀስ እያለ መጣ፤ ያ ቁመቱ ሁሉ ያጠረ መሰለ።

«እውነትህን ነው» አለችው። «ጠብቀኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

«እማማ፣ ድምፅዎን አይጨርሱት...» አለ። «በር ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ግን አድጌያለሁ። ያን ቃል ባልሰማ ኖሮ እናቴ የሄደችበትን ክረምት እንዴት እንደማልፈው እንጃ።»

ከዚያ በላይ መቆም አልሆነለትም፤ ወጣ። ፋርማሲስቷ አበባውን እንደታቀፈች ተከተለችው። ውጪ ፀሐይ አለ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀዋል።

«የት ነው?»

«መስክ። አዲስ መንገድ ሊቀየስ ነው። ሩቅ ነው፣ ይቆያል።»

«ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔና አንቺ ከስድብ ሌላ ምን እናውቃለን?» ብሎ ዞረና ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

«አንተ ድንጋይ!» ብላ ጮኸች። «ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሂድ፣ አንተ ግን አትችልም! አንተ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ታውቀዋለህ!»

ቆመ። እጁ የመኪናው በር ላይ ነበር። ከዚያ ሙሉ ፊቱን ወደሷ አዞረ።

«እመለሳለሁ» አለ።

ከንፈሩን አየችው። ቃሉ የራሱ ነበር። ማንም አልጨመረለትም።

«ብትቀር» አለች ዕንባዋ እየወረደ፣ «እዚያ ገጽ ላይ ምን እንደምጽፍብህ ታውቃለህ!»

ክረምቱ አለፈ። እናት ቀዶ ጥገናዋን አድርጋ ተረፈች፤ ድምፅዋ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። አንድ ጠዋት ፋርማሲስቷ ብልቃጥ ስትደረድር በሩ ላይ አንድ ሰው ጫማውን ደጋግሞ ሲጠርግ ሰማች። ዞር አላለችም፤ ፈራች።

«ስለ ባለባርኔጣዋ የመጨረሻ ፊልም የጻፍሽውን አነበብኩት» አለ ቀያሹ። «እጅ እግር የሌለው ወሬ ነው!»

ብልቃጡን አስቀምጣ፣ ባንኮኒውን ዞራ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከጀርባ ካለችው ክፍል ሹክሹክታ መጣ።

«ልጄ፣ ማነው?»

«እሱ ነው እማዬ» አለች። «ተመለሰ።»