ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት አምስተኛ ቃል

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሰበብ ፈልገው ከሚወጡት ሰዎች አንዷ ነኝ፣ ሥራዬም ሂሳብ ማስተማር ነው፣ ያልተረጋገጠ ነገር አይዋጥልኝም፣ ስለዚህ እባካችሁ ፈጥራው ነው አትበሉኝ፣ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ለራሴ የሚቀለኝን አድርጌ በነገርኳችሁ ነበር።

ሮቤ የተከራየሁበት ግቢ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት፣ በአንደኛው እኔ፣ በሌላው ከህንድ የመጡ ዶክተር ላክሽሚ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ እንኖር ነበር፣ ዋናው ቤት የአከራያችን የአዴ ሀሊማ ነው። በእኔና በዶክተር መካከል ያለው የጭቃ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሲያስነጥሱ እንኳ ይሰማኛል። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ማንትራ ይደግማሉ፣ ያው አጭር ጸሎት በሉት፣ ያንኑ መቶ ስምንት ጊዜ። አዴ ሀሊማ ከስግደት ሲነሱ ይሰሟቸውና «ይቺ ሴትዮ ዚክር ታበዛለች፣ መቼም የፈጣሪዋን ስም ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን «ምን ያገኙበታል?» ብዬ ዶክተርን ጠየቅኳቸው።

«እኔማ ገና ምንም» አሉ ሳቅ ብለው። «ህንድ ያሉት የመንፈስ መምህሬ ጸጋ ሲደርሰኝ ልቤ ይነቃል። እሳቸው ዝም ለማለት ተስለው መናገር ካቆሙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፣ አንድ ቀን ድምፃቸውን እንደገና እሰማለሁ ብዬ እጠብቃለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ ስቄባቸዋለሁ፣ ደግሞም አሳዘኑኝ።

ሰኔ ላይ ኮንትራታቸው አልቆ ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። በዚያው ዓመት እናቴ ስለሞተች አገሬ ደሴ ብሄድ የሚቀበለኝ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ፣ እናም አቅፈውኝ በጆሮዬ አራት ቃላት ነገሩኝ፣ ሦስቴም አስደገሙኝ፣ «ብቸኝነቱ ሲበረታብሽ በያቸው፣ ክፋት የለባቸውም» አሉኝ።

ነሐሴ ላይ በረታብኝ። ተማሪው ወደየአገሩ ገብቷል፣ አዴ ሀሊማ ብድሬ ከተማ ያለችውን አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሄዱ አምስተኛ ቀናቸው ነው፣ ጉሙ ከአጥሩ ላይ አልነሳ ብሏል፣ በሳምንቱ ውስጥ ከሰው ጋር ያወራሁት ነገር ቢኖር ለባጃጅ ሹፌር «ወራጅ አለ» ያልኩት ነው። አንድ ጠዋት ነቅቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና፣ ድምፄን ራሴ እንኳ ልስማው ብዬ፣ እመኑኝ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ አራቱን ቃላት ማለት ጀመርኩ።

ሃያ ጊዜ ያህል እንዳልኩ ከግድግዳው ወዲያ የንብ ቀፎ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ መሰለኝ፣ በመስኮት ባይ ዝናብ የለም። ስቀጥል ድምፁም ጠራ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ሻካራ ነው፣ የሚለውም እኔ የምለውን ነው። ዝም አልኩ፣ እሱ ግን ዝም አላለም። መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ ከባድ መኪና እንደሚያልፍበት መንገድ ይርገበገባል። ፈራች ብላችሁ አትጠብቁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ፣ ይገርማችኋል፣ ደስታ ነው።

ያስፈራኝ በኋላ ነው፣ አራቱን ቃላት ሲጨርስ አምስተኛ ቃል ጨመረ፣ እኔ የማላውቀውን። ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው ቀስ እያለ፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ ደጋግሞ ይለዋል፣ እንድደግመው እንደሚጠብቀኝ ገባኝ። ደገምኩት። ጸጥ አለ።

በነጠላ ጫማ ወጣሁ። የጎረቤቴ በር በቁልፍ እንደተዘጋ ነው፣ ጓጉንቸሩ ዝገት ይዞታል፣ በመስኮት ብመለከት ባዶ የሲሚንቶ ወለል ብቻ፣ በግቢው ጭቃ ላይም ከእኔ በቀር የማንም ዱካ የለም።

ረፋድ ላይ ህንድ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ያስተማሩኝ ቃል አራት ነው አይደል?»

«አራት ነው።»

«አምስተኛውስ?» አልኩና ቃሉን ነገርኳቸው።

«ማነው የነገረሽ?»

ሁሉንም አንድ በአንድ አወራኋቸው።

«ድምፁ ሻካራ ነው? መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል?»

«አዎ።»

ማልቀስ ጀመሩ። «መምህሬ ያንን ቃል በጆሮዬ የነገሩኝ ዘጠኝ ዓመት ካገለገልኳቸው በኋላ ነው፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬም ጠዋት እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነበር፣ አፋቸውን አልከፈቱም።» ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ለምን አንቺ?» አሉኝ።

ስልኩን ዘጉት፣ ደጋግሜ ደወልኩ፣ እስከ ዛሬ አያነሱም።

አዴ ሀሊማ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ክፍሉን ከፍተው፣ ጥቂት ቆይተውበት ወጡና «ክፉ ነገር አዘዘሽ?» አሉኝ።

«አላዘዘኝም።»

«እንግዲያው ዝም በዪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ያን ክፍል ለማንም አላከራዩትም።

እኔም ጎባ ገብቼ ሰው የሞላበት ቤት ተከራየሁ፣ በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ፣ ቃሉን ዳግም ብዬው አላውቅም። አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ክረምት አጠገቤ ሆኖ ያነጋገረኝ እሱ ብቻ ነበር፣ የጠበቀውን ቃል እንዳልኩለት ሄደ፣ እኔስ ባልለው ኖሮ እስከ መቼ ይቆይልኝ ነበር?