የማጉያው እስትንፋስ

ሰውዳ ያለችው ይህ ነው። ዓለምነው በሞተበት ከሰዓት በኋላ በፈረስ ሜዳው ዳር ከብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ሁለት የድምፅ ማጉያ ጡሩንባዎች ለአፍታ እንኳ አፋቸውን አልዘጉም። ብዙም የተናገረባቸው ሰው የለም፤ ግን «ሽሽሽ» ሲሉ ዋሉ። ዝናብ መጣ ብላ ከጨርቅ ሱቋ ጓሮ ያሰጣችውን በርበሬ ልታነሣ ሮጠች። ቀና ብትል አንዲት ደመና የሌለችበት የጥር ሰማይ ነው። ድምፁ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድንገት ቀጥ አለ።

አያ ውቤ ያሉት ደግሞ ይህ ነው። በዚያው ከሰዓት በኋላ እዚያው ከጡሩንባዎቹ ሥር ፈረሳቸውን ለፈረሰኞቹ በዓል ሲያለማምዱ ነበር። ዓለምነው ከምሳ በኋላ አንድ ሁለቴ «ይሰማል? ይሰማል?» አለ። ከዚያ ወዲያ ጡሩንባዎቹ ጭጭ አሉ። «ሽሽ የሚልም የለ፣ ምንም የለ፤ እንደ መቃብር ነው ዝም ያሉት» ብለው ምለዋል።

ሁለቱንም ቃል የተቀበለው ሳጅን ይኸነው ነበርና ለኢንስፔክተር ምሥራቅ ሲያስረክብ ትከሻውን ነቀነቀ።

«አንዷ በበርበሬዋ የተጨነቀች ነጋዴ፣ አንዱ ሽማግሌ። ምን ያደርግልሻል? ሰውየውን የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። ማጉያዋን የጠገናት አበረ ነው። አበረን ይዘናል። አለቀ።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ምሥራቅ። «ግን ሁለቱም የሚዋሹበት ምክንያት አላየሁላቸውም።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ጉጉት አልነበረም። ከጥቅምት ወዲህ ያየችው አስከሬን በዝቶ ውስጧ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖባታል፤ ስትቆምበት ይቆማል፣ ግን አይሰማትም። ሥራዋን የምትሠራው ሌላ የምትሠራው ስለሌለ ይመስላል።

ዓለምነው በእንጅባራ ለሠርግና ለበዓል ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ነበር። የሞተው ከሜዳው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። የጡሩንባዎቹ ምሰሶ በክፍሏ መሐል አልፎ ወለሉን ሰንጥቆ ከመሬት ተቀብሯል። ሚስቱ እመቤት አመሻሽ ላይ ጋቢ ልታቀብለው መጥታ ከምሰሶው ሥር ወድቆ አገኘችው። የሁለቱም እጆቹ መዳፍ ተቃጥሏል። ጠረጴዛው ላይ አበረ የጠገናት ትንሿ ማጉያ፣ አምፕ የሚሏት፣ ከግድግዳው መሰኪያ ተሰክታ፣ ከጡሩንባዎቹም ተያይዛ ነበር።

ምሥራቅ ክፍሏን ስታይ ሁለት ነገር ያዘች። የመጀመሪያው የትንሿ አምፕ የድምፅ መዘውር ነው። ከዜሮ ፀጉር ያህል ብቻ ፈቀቅ ብሏል። መሐል ላይ ግን ቀይ ነጥብ አለ። ሁለተኛው ከጠረጴዛው እግር ሥር የወደቀች የናስ ቁራጭ ናት፤ የጣት ጫፍ ታህላለች፣ አንድ ጎኗ በጉጠት ተቆርጦ ያብረቀርቃል። ምን እንደሆነች አላወቀችም። በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት።

እመቤት ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። የጠቆረ ነጠላዋን አገልድማ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ሜዳው ታያለች።

«ይህን ቀይ ነጥብ ማን አደረገው?»

«እሱ ነው። በእኔ የጥፍር ቀለም። ‹ለሜዳው የሚበቃው እዚህ ነው› ይል ነበር። ከዚያ አያሳልፈውም፤ አያሳንሰውም።»

«ያን ቀን ከእሱ ሌላ እዚህ የመጣ ሰው ነበር?»

«የለም» አለች እመቤት። ደግሞም ሳትጠየቅ «ወንድሜ እንኳ ዳንግላ ነበር» አለች።

አበረ እስር ቤት ውስጥ ሆኖም ወሬው አልነጠፈም። የቴክኒክ አሠልጣኝ ነው፤ ሰው ሲያገኝ ማስተማር ይጀምራል።

«ኢንስፔክተር፣ ጡሩንባ ማለት ጥቂት በልቶ ብዙ የሚጮህ ፍጥረት ነው። እንደ ጎረቤቴ አውራ ዶሮ። ያቺ ትንሿ አምፕ ትበቃዋለች፤ ትተርፈዋለች። ትልቅ አምፕ ከሰጡት ግን መዘውሩን ፀጉር ያህል ነው የሚከፍቱለት። ካለፈ ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ትቃጠላለች።»

«ፀጉር ያህል?» አለች ምሥራቅ።

«ፀጉር ያህል።»

«ማንም ካልተናገረበትስ?»

«ያን ጊዜ የአምፑ የራሱ እስትንፋስ ይሰማል። ሁሉም አምፕ ይተነፍሳል፣ ትልቁ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ስፒከር ነገር ይሸፍናል። ጡሩንባ ግን ሐሜተኛ ነው፤ ጆሮው የገባውን ሁሉ ያወጣል።»

«የትንሿ እስትንፋስስ?»

«ጆሮዎን ጡሩንባው አፍ ውስጥ ቢከቱ ምናልባት።» ሣቀ፤ ከዚያ ሣቁ ቆመ። «ነገ አይደል ፍርድ ቤት የምቀርበው? ዐቃቤ ሕጉ ክስ ሊመሠርት ነው አሉ። በቸልተኝነት ሰው ገደለ። ዓለምነው እኮ ሚዜዬ ነበር። አምፕዋን ስመልስለት በባዶ እጁ አስይዤ ነው ያሳየሁት።»

ምሥራቅ ተነሥታ ወጣች።

አያ ውቤን ሜዳው ላይ አገኘቻቸው። ፈረሳቸው ዳማ ነው፤ አንገቱን እያሻሹ በአውኚ ቋንቋ ያወሩታል። ምሥራቅ ሰላምታ ሰጥታ ስለዚያ ቀን ስትጠይቃቸው ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ጥሪ ነው። ፈረሱ ጆሮውን ቀሰረ። አያ ውቤ ወሬያቸውን አላቋረጡም።

«ስልኬ ጮኸ፣ ይቅርታ» አለች።

«የቱ ስልክ ልጄ?»

ስልኳን አጠፋችው። «ፈረስዎ ያን ቀን እንዴት ነበር፣ አያ ውቤ?»

«አታንሺብኝ! አዋረደኝ። በጡሩንባው ሥር አላልፍም አለ። ሰይጣን ያየ ይመስል ጆሮውን ወደ ላይ አቁሞ። ምንም በሌለበት!»

ምሥራቅ አመሰገነቻቸው። ሁለቱ ቃሎች መጣላታቸውን ያን ጊዜ አቆሙ። ሰውዳ የሰማችው ድምፅ በእርግጥ ነበር። አያ ውቤም አልሰሙም። ዕድሜ ከጆሮ ቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው።

ሐዘን ቤቱ ድንኳን ውስጥ የእመቤትን ወንድም መሳፍንትን አገኘችው። ዳንግላ ላይ አዲስ የድምፅ ቤት የከፈተ ወጣት ነው። ከአማቹ ጋር ክርክር እንደነበራቸው ራሱ አልደበቀም።

«ጋሼ ዓለምነው በዚያች ክብሪት በምታህል አምፕ በዓል ያስከብራል! ‹የኔን ሞክራት› ብዬ ለምኜዋለሁ። እምቢ አለ።»

«መቼ ነው የለመንከው?»

«በፊት... በገና ሰሞን። ያን ቀን ዳንግላ ነበርኩ። እኅቴን ጠይቂያት።»

እመቤት ከወዲያ ሆና «ዳንግላ ነበር» አለች፤ ሰው የቤቱን ቁጥር ሲጠየቅ እንደሚመልስ።

«በዓሉ ድምፅ አጥቷል» አለች ምሥራቅ። «አምፕህን ነገ ጧት ይዘህ ና። ኮሚቴው ይስማው።»

ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ደበዘዘ። አላመጣም ማለት ግን አልቻለም። «አመጣለሁ» አለ።

በማግሥቱ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና ሳይለቅ ሁሉም ከቆርቆሮ ክፍሏ ደጅ ተሰበሰቡ፦ እመቤት፣ መሳፍንት፣ ሰውዳ፣ አያ ውቤ ከነፈረሳቸው፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ገብረ ማርያም። ሳጅን ይኸነው አበረን ይዞ መጣ። በሩ ወለል ተደርጎ ተከፍቷል።

ምሥራቅ በመጀመሪያ ትንሿን አምፕ አስከፈተች። መዘውሩን በቀዩ ነጥብ ላይ አደረገችው፤ ማንም አልተናገረበትም። ሜዳው ጸጥ አለ። ፈረሱ ሣሩን ይነጫል።

«አሁን ያንተን» አለችው ለመሳፍንት።

መሳፍንት ትልቁን ሣጥን አያይዞ ሰካው። መዘውሩን በጋቢው ጫፍ ይዞ ፀጉር ያህል ፈቀቅ አደረገው።

ሽሽሽ።

ፈረሱ ቀና ብሎ ጆሮውን ወደ ጡሩንባዎቹ አቆመ። ሰውዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አላህ! ይኸው! ዝናቤ ይኸው!»

«ምኑ?» አሉ አያ ውቤ። «ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም?»

«አያ ውቤ አልዋሹም» አለች ምሥራቅ። «ይህ ድምፅ ለእርስዎ ጆሮ የለም። ፈረስዎ ግን ሰምቶታል፤ ያን ቀንም ሰምቶት ነበር። ስለዚህ ዓለምነው ሲሞት ከጡሩንባዎቹ ጋር የተያያዘችው ትንሿ አምፕ አልነበረችም። እሷ እንዲህ አትተነፍስም። ሬሳው ሲገኝ ግን ጠረጴዛው ላይ እሷ ናት ያለችው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድምፁ ቀጥ ያለው አንድ ሰው ትልቁን ነቅሎ ትንሿን ስለተካ ነው። ያ ሰው ትልቅ አምፕ የለመደ ነው። የትንሿን መዘውር እንደ ትልቁ ፀጉር ያህል ከፍቶ ሄደ። ዓለምነው በቀዩ ነጥብ ላይ ነበር የሚያደርገው።»

«በባሕር ዳር እንዲህ ያለ አምፕ መቶ አለ» አለ መሳፍንት።

«አለ። አሁን ስትከፍተው ግን መዘውሩን በጋቢህ ጫፍ ነው የያዝከው። ሣጥኑን በባዶ እጅህ አንድ ጊዜም አልነካኸውም።»

ሳጅኑ ጫፉ የሚበራ የኤሌክትሪክ መፈተሻ አቀበላት። ትንሿ አምፕ እንደተሰካች ነበርና ሣጥኗን ነካችበት፤ አልበራም። የትልቁን ነካችበት፤ ቀይ ሆነ። ይኸነው የትልቁን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለ። «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ቆመ። ምሥራቅ መሐረቧን ፈታች። የናሷን ቁራጭ ከትልቁ አምፕ ሶኬት ሦስተኛ እግር ጉማጅ ጋር ስታገጥማት ልክ ገባች።

«ይህ እግር ኤሌክትሪክ ወደ ሣጥኑ ሲሾልክ ወደ መሬት የሚያወርደው ነው። የዚህ ክፍል የግድግዳ መሰኪያዎች ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ናቸው። ሶኬቱ እንዲገባ እግሩ እዚሁ ተቆረጠ። ዓለምነው አንድ እጁን ሣጥኑ ላይ፣ አንድ እጁን መሬት የተቀበረው ምሰሶ ላይ ሲያደርግ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወረደ።»

አበረ የተቆረጠውን ጉማጅ እያየ «ኤሌክትሪኩ ወደ ሣጥኑ እየሾለከ ቆጣሪ ይጥልብህ ነበር አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

መሳፍንት መሬት መሬት እያየ «ዳንግላ ላይ እየጣለ አስቸገረኝ» አለ። ወዲያው ግን ቀና አለ። «እግሩን የቆረጥኩት በገና ሰሞን ነው፤ ለሙከራ ባመጣሁ ጊዜ። ያን ቀን አልመጣሁም።»

ምሥራቅ የናሷን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። «እኔ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። የትኛው ማጉያ እንደገደለው አውቄአለሁ። ያን ቀን ማን እንዳመጣው ግን ጡሩንባም ፈረስም አይነግረኝም። ያየው ሰው ካልተናገረ አበረ ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

አቶ ገብረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሞተ አይመለስ። እናንተም አንድ ቤት ናችሁ። እመቤት ልጄ፣ ወንድምሽ ነው። ነገሩ በሽምግልና ይያዝ። የአበረንም ጉዳይ ቢሆን እኛ ዐቃቤ ሕጉን...»

«እመቤት» አለ መሳፍንት።

እመቤት ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የቆመችው። ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም፤ አሁንም ዓይኗ ደረቅ ነው። ወደ ክፍሏ ገባች። ባሏ የወደቀበትን መሬት ሳትረግጥ ዞራ ትንሿን አምፕ በመዳፏ ነካቻት፤ እንደዚያው ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወጥታ ከምሥራቅ ፊት ቆመች።

«ሽምግልናው ይቅር፣ አባቴ» አለች። «ኢንስፔክተር፣ የሰጠሁሽን ቃል ሰርዢው። ወንድሜ ያን ቀን ምሳውን የበላው እኔ ቤት ነው፤ ይህ ሣጥን ደጄ ላይ ነበር። ማታ ‹አልነበርኩም በይ› አለኝ፤ አልኩለት። አሁን ነበር እላለሁ። ፍርድ ቤትም ሄጄ እላለሁ።»