ከሲንኩ ሥር ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ

ይህ በራሴ ቤት፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። የማያምነኝ ሰው ካለ አልፈርድበትም... እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ማታ አይደለም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች።

የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ከነወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ነው። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ቤት የምንውለው እኔና የሰባት ዓመት ልጄ ነን። ስም አላት፤ ግን ሁላችንም ሚጣ ነው የምንላት።

ቤቱን ስንከራይ ከሲንኩ ሥር ካለው ቁም ሳጥን በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ሰው ለመጠየቅም አፈርኩ። የምግብ ትርፍራፊ አትድፉ የሚል መሆን አለበት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዓመት ሙሉ ይህንኑ አምኜ ኖርኩ። እንግዳ መጥታ ዕቃ ላጥብልሽ ስትለኝ እንኳን "ወረቀቱን እንዳትረሺ" እያልኩ እቀልድ ነበር።

በኋላ የአዋቂዎች ትምህርት ገባሁ። ሚጣ አንደኛ ክፍል፣ እኔም አንደኛ ክፍል። አንድ ፊደል በሌላ ስለውጥ ሆዷን ይዛ ትስቅና ታርመኛለች። ወረቀቱን ግን አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም።

የማውቀው መስሎኝ...

በዚያ ሳምንት የፍሳሽ መስመሩ ተደፈነ። ሲንኩ ውስጥ ያለው ውሃ አልወርድ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለችው ቀዳዳም የወሰደችውን ውሃ መልሳ ትተፋለች። የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ጎማ ባለው እንጨት እየገፋሁ እየሳብኩ ክንዴ እስኪዝል ለፋሁ።

ምንም።

አልፎ አልፎ ብቻ ከታች ጉልግል... ይልና ዝም ይላል። ሰው ውሃ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ቆይቶ እንደሚውጥ።

ቧንቧ ሠሪ ጠራሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ። የሰፈሩን ገበና ከሐሜተኛ ቀድሞ የሚያውቅ ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ሰው የበላውን ቢደብቅ እኔ ጋ ይደርሳል እያሉ ሲያስቁኝ ቆዩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። እሳቸው ከቤቱ ጀርባ ማንሆሉ ጋ ይቀመጣሉ። እኔ ሲንኩ ጋ እቆማለሁ። የብረቱን ቱቦ በመፍቻ ሦስት ጊዜ ሲመቱ ውሃ እለቃለሁ። ሁለት ጊዜ ሲመቱ እዘጋለሁ። እኔም ከሲንኩ ሥር ያለውን ቱቦ በማንኪያ አንድ ጊዜ እመታለሁ። ሰምቻለሁ ማለት ነው።

"በስልክ አይሻልም?" አልኳቸው።

"ስልክ ይቆራረጣል። ጩኸት ጎረቤት ይሰበስባል። ብረት ግን አይዋሽም፣ ልጄ።"

መፍቻቸውን ይዘው ወጡ።

ሦስት ጊዜ ተመታ። አንድ ጊዜ መለስኩ፤ ውሃ ለቀቅሁ።

ሁለት ጊዜ። መለስኩ፤ ዘጋሁ።

እንዲህ ስንባባል ቆየን። ደስ አለኝ እንዲያውም፤ እንደ ልጅ ጨዋታ ነው።

ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ።

እንደገና ሦስት ጊዜ ተመታ... ግን ድምፁ ተለወጠብኝ። ብረት በብረት ሲመታ ይጮኻል። ይህኛው አይጮኽም። በጣት አንጓ በር እንደማንኳኳት ነው። ደግሞ ቀርቧል።

ደክሟቸው ይሆናል አልኩ። መለስኩ።

ሦስት። መለስኩ።

ሦስት። መለስኩ።

ሁለት የሚባል ነገር ቀረ። ሲንኩ እስከ አፉ ሞላ።

በዚህ መሐል የወጥ ቤቱ በር ላይ ጥላ አየሁ። ዞር አልኩ።

ቧንቧ ሠሪው ናቸው። ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ረጅም ሽቦ ይዘዋል።

"ውሃውን ለምን ሞላሽው?" አሉኝ።

"እርስዎ ሲመቱ ነዋ።"

"እኔ? ሽቦውን ላመጣ ሱቄ ደርሼ መምጣቴ እኮ ነው። ሩብ ሰዓት ሆነኝ።"

ሳቅ ልል ስል...

ኳ። ኳ። ኳ።

ከሲንኩ ሥር። ሁለታችንም እያየነው።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። እጃቸውን ዘርግተው ማንኪያውን ከእጄ ላይ ቀስ ብለው ወሰዱት።

"እንዳትመልሺ" አሉ በሹክሹክታ።

አልመለስኩም።

ያን ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ መልስ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ኳ።

ሮጥኩ። ሚጣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ በጥርስ ብሩሿ እጀታ የቀዳዳዋን ክዳን እየነካካች ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዝም ሲሉት ይከፋዋል፣ እማ።"

"ማንን?"

በጣቷ ወደ ታች አሳየችኝ። ጥርሷ የወለቀ ቀን ጥርሷን እንደሰጠችው፣ ከዚያ ወዲህም ቀዩን የፀጉር ላስቲኳንና የእርሳሷን ቁራጭ እንደሰጠችው ነገረችኝ። ብቻውን ነው አለች። መጫወቻ የለውም።

"ማነው እንደዚህ አድርጊ ያለሽ?"

"ማንም። ወረቀቱ እንዲያውም አታድርጉ ነው የሚለው። አንቺ አላነበብሽውም እንዴ?"

ክንዷን ይዤ መኝታ ክፍል አስቀመጥኳት። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ አልኳት። እዚያው አብሬያት መቀመጥ ነበረብኝ።

እኔ ግን ወደ ወረቀቱ ሄድኩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ሱቅ ረስተዋል። ተንበርክኬ የቁም ሳጥኑን በር ከፈትኩና ጣቴን ፊደሉ ላይ አደረግሁ። ጽሑፉ ደብዝዟል። አንዱን ፊደል ሳገኘው የቀደመው ይጠፋብኛል።

ሲ... ን... ኳ... ኳ...

ከታች ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

አ... ት...

ከመታጠቢያ ቤቱ አንድ ጊዜ ተመለሰ።

መ... ል... ሱ።

ሲንኳኳ አትመልሱ።

ዘጠኝ ፊደል ነው። ሌላ ሰው በአንድ እይታ ያነበው ነበር።

በዚያው ቅጽበት ሲንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ማንም ሳይነካው ወረደ። ጉልግል... አለና ጸጥ አለ። ለሳምንት የተደፈነው መስመር ተከፈተ።

"ሚጣ!"

የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ደህና ናት። ምንም አልሆነችም። እቅፍ አደረግኋት።

ፀጉሯ ግን ሥሩ ድረስ ረጥቧል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ወለል ደርቋል።

ቧንቧ ሠሪው ማንሆሉን አይተው ተመለሱ። ውሃው ያወጣውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ቀይ የፀጉር ላስቲክ። የእርሳስ ቁራጭ። ሁለት የወተት ጥርስ።

ሚጣ የወለቀባት ጥርስ አንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥርስ ጫፉ ተሸርፏል። ልጄ አምና ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፎ ነበር።

"አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ" አልኳት።

ከፈተች። የተሸረፈው ጥርስ ቦታው ላይ አለ።

ሽማግሌው ጥርሱን አዩ፤ ልጄን አዩ፤ እኔን ሳያዩኝ ወጡ። መፍቻቸውን ረስተውት ሄዱ። እስከ ዛሬም አልጠየቁኝም።

በሦስተኛው ቀን ቤቱን ለቀቅን። ዕቃ ስጭን ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በጥድፊያ የተጻፈ ሁለተኛ መስመር አለ። ቀስ ብዬ አነበብኩት።

እኛ መልሰን ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር ሆኗል። አሁን ያለንበት ቤት ሰባራ ቧንቧ እንኳን የለውም። ባለቤቴ ልጅቷ ምን ሆናለች፣ ጨመተች ይላል። ትልቅ እየሆነች ነው እለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ትራሷን ስጨምቀው ውሃ ይወጣዋል። ላብ ነው እላለሁ።

ስሳሳት አትስቅብኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ፊደል አርማኝ አታውቅም፤ ደብተሬን ባሳያት ዝም ብላ ታያለች።

ያን የተሸረፈ ጥርስ በመሐረብ ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ። ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቁኝ።

ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የድሮዋ አከራያችን ደወሉ። ሚጣ ከፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ብቻዋን ትልኪያታለሽ እንዴ?" አሉኝ።

"የት?"

"እዚህ ነዋ። ተቆልፎ ያለው ቤት ውስጥ ገብታለች። በምን እንደገባች እንጃ። በመስኮት ሳያት ሲንኩ ሥር ኩርምት ብላለች፤ ልብሷ ውሃ በውሃ ሆኗል። ብጠራት አትመጣም። እማዬ ብቻ ነው የምትለው።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አደረግሁት።

"እርግጠኛ ነዎት... ሚጣ ናት?"

"ኧረ እሷ ናት። የፊት ጥርሷ ብቻ ወልቋል።"

ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ከፊቴ ያለችው ልጅ በተሸረፈው ጥርሷ እርሳሷን ነክሳ ቁጭ ብላለች።

በስልኩ ውስጥ፣ ከአከራያችን ትንፋሽ ጀርባ፣ ከሩቅ ተሰማኝ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ ነበር። እጄ ወደ እሱ ሲሄድ ይታወቀኛል።

ልጅቷ እርሳሱን ከአፏ አወጣች። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችልኝ። እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገችው... ቀዝቃዛና እርጥብ ነው።

"እማ" አለች በሹክሹክታ። "እንዳትመልሺላት።"