መስመሩን ማን ከፈተው

እኔ እንኳን መንፈስ ምናምን ሲባል ሳቅ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ፣ ራእይ አየሁ የሚሉትን ሳይቀር «እንቅልፍ አጥተው ነው» እያልኩ እናቴን የማናድድ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር ስለሆነ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ባይ ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምላችሁ።

እሁድ ረፋድ ላይ ታቦር ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ሳለ ከከተማው ሆስፒታል አንዲት ሐኪም፣ ዶክተር ምሕረት፣ ደወለችልኝ። ቱላ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አለ፣ ኮምፒውተሮቹን የምጠግነው እኔ ነኝ፣ እዚያ ራጅ የተነሳ የአምስት ዓመት ልጅ ኦፕሬሽን ሊገባ ነው፣ ራጁን ሳታይ ደግሞ ሆዱን መክፈት አልፈለገችም። «ፍጠንልኝ፣ ልጁ እየደከመ ነው» አለችኝ። ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ባለቤቱ ወደ ይርጋለም ከተማ ሄዷል፣ ግን ራጁ ያለበት ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ፣ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ስለሚሠራ ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ትእዛዝ እየጻፍኩ አዝዘዋለሁ። ገባሁ። መስመሩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ የማሽኑን ኔትወርክ ዘግቼ ልክፈተው ብዬ የመዝጊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። እመኑኝ፣ የነቃሁት እንተርን ከነካሁ በኋላ ነው፤ የገባሁት በዚያው መስመር ነበር፣ ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደቆለፈ ሰው ውጭ ቀረሁ። አሁን የመክፈቻውን ትእዛዝ መጻፍ የሚችለው ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። አልቅስ አልቅስ አለኝ።

የክሊኒኩ ጥበቃ ጋሽ ዳንጊሶ ጋ ደወልኩ፣ የክፍሉን በር ይስበሩት ልላቸው ነው። ሳልጨርስ፣ «ውስጥ ሰው አለ እንዴ ልጄ? እንደ ታይፕ ቀጭ ቀጭ ይላል» አሉኝ። ያን ጊዜ መስመሩ ስክሪኔ ላይ ተመለሰ።

ምን ላድርግ፣ ራጁን ላክሁ። ከዚያ ማን ማን ገብቷል ብዬ ማሽኑን ጠየቅኩት፣ ሁለት ሰው አለ አለኝ፤ አንዱ ከቤቴ የገባሁት እኔ፣ ሌላው እዚያው ማሽኑ ፊት ያለ፣ እሱም በእኔ ስም፣ ለማንም ባልነገርኩት የይለፍ ቃል።

«ጋሽ ዳንጊሶ፣ እስቲ በሩን ያንኳኩልኝ።»

ሲያንኳኩ በስልኩ ሰማሁ። «ጸጥ አለ» አሉኝ። ሁለተኛው ስም ከስክሪኔ ጠፋ። በሩ ግን አልተከፈተም፣ ክፍሉ ደግሞ መስኮት የለውም።

ሰኞ ባለቤቱ ሲከፍተው አብሬው ገባሁ። ማሽኑ አለ፣ ስክሪኑ አለ፣ ኪቦርድ ግን የለም። «ተበላሽቶ ከጣልኩት ቆየ፣ አንተ ከቤትህ ሆነህ ስለምትሠራው ሌላ አልገዛሁም» አለኝ።

ልጁ ድኗል። እናቱ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ አግኝታኝ «እጅህ ይባረክ» እያለች ሁለቱን እጆቼን ስትስም ቀስ ብዬ ሳብኳቸው። የማንን እጅ እየመረቀች እንደሆነ እኔም አላውቅም።