የመምህር ለማ የመጨረሻ እርማት

መምህር ለማ የተገኙት በግንባራቸው ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ስልካቸው ተዘርግቶ ነበር። ከአጠገባቸው በር እንዳይዘጋ ይደግፉበት የነበረው የከሰል ካውያ በጎኑ ወድቋል። ጫፉ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቆበታል።

ኢንስፔክተር ሰሚራ ደፍ ላይ ቆማ ክፍሉን ጥግ በጥግ ተመለከተች። ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ግን ቸኩሏል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ገዳዩ ራሱ ጽፎታል። ይኸው፣ ያንብቡት» አላት፣ የሟቹን ስልክ በጓንት ይዞ።

በዚያው ቅጽበት ስልኩ ላይ ጥሪ መጣ። ስክሪኑ በራ፤ ድምፅ ግን አልነበረም። ሰሚራ ይህን በልቧ ያዘችና አነበበች።

መምህር ለማ ጡረታ ከወጡ በኋላ «የጀጎል ጨዋታ» የሚባለው የፌስቡክ ገጽ ክፍላቸው ሆኖ ነበር። የቲማቲም ዋጋ ለሚጽፍም፣ ፍቅረኛውን ለሚያሞግስም ከሥሩ እርማታቸው አይቀርም። ሰው ይሰድባቸዋል፣ ይስቅባቸዋል፣ ተመልሶም ያነባቸዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አብዱልፈታ የተባለ ጫት ነጋዴ የእናቱን ሞት በገጹ ላይ አስታውቆ ነበር። ከሥሩ በመምህሩ ስም እንዲህ ይላል፦

«መጀመሪያ ፊደል ቁጠር። ከዚያ ታለቅሳለህ።»

አብዱልፈታ ወዲያው መልሷል፦ «በእናቴ ሬሳ ላይ! አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬ እመጣልሃለሁ። ወላሂ ያንን እጅህን እሰብረዋለሁ።»

«መጣም» አለ ሳጅኑ። «ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይህን በር ሲደበድብ ጎረቤት አይቶታል።»

አብዱልፈታ በዚያው ምሽት ተያዘ።

በማግስቱ ጠዋት በገጹ ላይ ስለ ፊደል የሚያወራ ሰው አልነበረም። አንዱ «የእኛን ሽማግሌ ገደሉ» ይላል፤ ሌላው «ለቅሷችንን ማን ስደብ አለው?» ይላል። ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የወደደው አጭሩ ነበር፦ «ቀብሩ ላይ እንገናኝ።»

«ከቀብሩ በፊት ክሱን እናሰማ። ሕዝቡ ይረጋጋል» አላት አለቃዋ።

«ወይም ሁለት ሬሳ ይኖረናል፣ ጌታዬ። እስከ ቀብሩ ይስጡኝ።»

አብዱልፈታ የማረፊያ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቱን ሳይቀብር መያዙን ሰሚራ ታውቃለች።

«ለምን ሄድክ?»

«ልሰድበው! አቦ፣ እጅ ሰብሬ አውቃለሁ እንዴ? እኔና እሱ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው። ‹የአንተ ጽሑፍ ፍየል እንደበላው ጫት ነው› ይለኛል። ‹ፍየሉ ከአንተ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ይበላል› እለዋለሁ። ሰው ይስቃል።» አንገቱን ደፋ። «ልጄ የሞተችብኝ ጊዜ እኮ ገጠር ድረስ መጥቶ ምንጣፍ ላይ አብሮን ተቀምጦ ውሏል። አሁን በእናቴ ጊዜ… ሰውዬው ምን ነካው?»

«በሩን ስታንኳኳ መልስ ነበር?»

«ዝም። ፈራኝ ብዬ ተመለስኩ።»

ሰሚራ ከጣቢያው ስትወጣ ያቺን ጥያቄ ይዛ ወጣች፦ ሰውዬው ምን ነካው?

የገጹ ባለቤት ግርማ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ የስልክ መጠገኛና መሸጫ ሱቅ አለው። ባንኮኒው በተፈታቱ ስልኮች ተሞልቷል። በአንድ እጁ የደንበኛ ስልክ እየነካካ፣ በሌላው የራሱን እያነሳ አናገራት።

«ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው» አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«አንተንም ያርሙህ ነበር?»

«እኔን? ዋና ሥራቸው ነበርኩ እኮ!» አለ ፈገግ ብሎ።

«ሬዲዮ ጣቢያ ለመቀጠር ተወዳድረህ ነበር አሉ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ነበር። ፈታኞቹ የመምህሩን እርማቶች አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ሲስቁም ሰማኋቸው።»

«ተናደድክ?»

«ማን የማይናደድ አለ? ግን ጠባያቸው ነው፤ ለቅሶ በይው ሰርግ፣ ስህተት ካዩ አያልፉም። አብዱልፈታን ክፉ ቀኑ ላይ አገኙት እንጂ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ፈረስ መጋላ በሙሉ ይመሰክራል።»

ፈረስ መጋላም መሰከረ። ከምሳ ትንሽ ዘግይቶ ከፈተ፣ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ዓለሙ የመምህር ለማ ጎረቤትና የገጹ ሁለተኛ ተከራካሪ ናቸው። ሰሚራ ባለስልክ ሽማግሌ ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ለልጅ ልጃቸው ለሶፍያ እየነገሩ የሚያስጽፉ ሰው ነው።

«አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» አሉ ሰላምታዋን እንኳ ሳይመልሱ። «ከፊደላት የትኛው ይቀነስ፣ የትኛው ይኑር እያልን ስንት ዓመት ተኳረፍን! ትናንት እንኳ የሚያበሽቀው መልስ አዘጋጅቼለት ነበር።»

«ሶፍያ፣ የትናንቱን እርማት አንብቢላቸው።»

ልጅቷ አነበበች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ከምን ሥር ነው የተጻፈው?»

«የአብዱልፈታ እናት ሞታ…»

«ደግመሽ አንብቢ።» ደግማ አነበበች። «ጃጅቶ ነበር ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ እንዳፈሩ ሰው።

ሰሚራ ከሶፍያ አጠገብ ተቀመጠች። «ሥራ ልስጥሽ። የሞት ዜና ብቻ እየፈለግሽ አሳዪኝ። የቆየውንም፣ የቅርቡንም።»

ረጅም ጠዋት ነበር። ከዚያ ሰሚራ ወደ ሟቹ እህት ወደ ወይዘሮ ለተማርያም ሄደች።

«ራቱን ይዤ መጣሁ፤ በሩ ዝግ ነው። ሲስቡት ራሱን ይቆልፋል። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ከውስጥ ግን ድምፅ የለም» አሏት። «የእሱ ስልክ እኮ ሲጮህ እስከ ፈላና በር ይሰማል። ጆሮው አይሰማም ነበር፣ ልጄ። ደንግጬ ግርማንና ጋሽ ዓለሙን ጠራሁ። ግርማ በትከሻው ሰበረና ‹እማማ፣ እንዳይገቡ!› ብሎኝ ቀድሞ ገባ።»

«የስልኩን መክፈቻ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ነበር?»

«የሸጠለትም፣ ቁጥሩን ያበጀለትም ግርማ ነው። ወንድሜ በረሳው ቁጥር እሱ ጋ ነበር የሚሄደው።»

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከግቢው ግንብ ውጭ ወጣቶች በሁለት ወገን ቆመው ስልካቸውን ወደ ላይ ቀስረዋል። አብዱልፈታ በሁለት ፖሊሶች መካከል ሲገባ ከውጭ እንደ ጎርፍ ያለ ድምፅ ተነሳ።

ሰሚራ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰው ለመስማት ዝም ማለት ነበረበት፤ ዝም አለም።

«አብዱልፈታን ያስያዘው ትናንት ከሰዓት በኋላ የተጻፈው እርማት ነው» አለች። «ሁላችንም ሁለት ነገር አመንን፤ እርማቱ እሱን እንዳስቆጣው፣ መምህሩም እስከዚያ ሰዓት በሕይወት እንደነበሩ። ጋሽ ዓለሙ፣ መምህር ለማ ከሞት ዜና ሥር ምን ነበር የሚጽፉት?»

«‹ነፍስ ይማር›። ለእስላሙም በእስላሙ ወግ። ሌላ አይጨምርም።»

«ስህተት ቢያዩስ?»

«‹ያለቀሰ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል› ይል ነበር።»

«ሶፍያና እኔ ያገኘነውን የለቅሶ ጽሑፍ ሁሉ አነበብን። ስህተት ሞልቶታል። መምህሩ አንዱንም አልነኩም። የአብዱልፈታ ልጅ የሞተች ጊዜም ‹አላህ ያጽናህ› ብለው አልፈዋል። ስለዚህ የትናንቱን እርማት የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ስልኩ በሌላ ሰው እጅ የገባውም መምህሩ ከሞቱ በኋላ ነው፤ በሕይወት ቢኖሩ ስልካቸው ሲጠፋ ሰፈሩን ያስነሱ ነበር።»

አብዱልፈታ ቀና አለ።

«ወይዘሮ ለተማርያም በሩ ላይ ሆነው ሲደውሉ ስልኩ ቤት ውስጥ አልጮኸም። ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ደግሞ የስልካቸውን ድምፅ አይዘጉም። ዘግቶ በኪሱ ይዞት የዋለው ሰው፣ በሩ ሲሰበር ቀድሞ ገብቶ ከእጃቸው አጠገብ አኖረው። በሩ ላይ የነበሩት ወንዶች ሁለት ናቸው። ጋሽ ዓለሙ ስልክ ማንበብ አይችሉም፤ የጓደኛቸውን ጠባይም ከማንም በላይ ያውቃሉ።»

ማንም ግርማን አልጠቀሰም። ከአጠገቡ የተቀመጡት ግን ሸሸት አሉ።

«ግርማ፣ ‹ለቅሶ በይው ሰርግ አያልፉም› ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። የተጻፈብህን ሁሉ በቃልህ ይዘኸዋል። ለሌላው ሰው ምን እንደሚጽፉ ግን አንብበህ አታውቅም። የመክፈቻ ቁጥሩ አንተ ጋ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ በእጅህ ያለው የማን ስልክ እንደሆነ ሱቅህ ውስጥ ማን ይጠይቅሃል? የሱቅህን ዋይፋይ ደግሞ ባለሙያ እያየው ነው፤ የመምህሩ ስልክ ሱቅህ በገባ ቁጥር ራሱ ይገናኛል።»

ግርማ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት አየ።

«እርማታቸውን እንዲያጠፉልኝ ብቻ ነበር የለመንኳቸው፤ እኔ ባጠፋው መልሰው ይጽፉታል» አለ በመጨረሻ። «በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ‹እርማቱን ካጠፋሁት ከምን ትማራለህ?› አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ካውያው እግሬ ሥር ነበር።» ወደ አብዱልፈታ አላየም። «አንተ ቶሎ እንደምትጮህ አውቅ ነበር።»

የአብዱልፈታ እጅ ተፈታ። የእናቱ ሰዎች ይጠብቁታል፤ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ወደ ወይዘሮ ለተማርያም ዞረ።

«እማማ፣ እስከ በሩ ብቻ ልሸከመው።»

«ና ልጄ። ከፊት ያዝ።»

ሳጥኑ ሲወጣ ለጠብ የመጡት መንገድ ለቀቁ። ስልኮቹ ግን አልወረዱም፤ ወሬው ያልደረሳቸው ሰዎች አሁንም በገጹ ላይ ይዛዛታሉ። ሰሚራ ቀብሩ እስኪያልቅ ዓይኗን ከሕዝቡ ላይ አላነሳችም።

ሲመለሱ ጋሽ ዓለሙ ባዶው ድንኳን ውስጥ ሶፍያን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ከእሱ የሞት ዜና ሥር ስንት ሰው ጻፈ?»

«መቁጠር አልቻልኩም፣ አባባ።»

«ስህተት አለው?»

«ብዙ። የስማቸውን ፊደል እንኳ…»

ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ተይው» አሉ። «ነፍስ ይማር በይልኝ።»